ከዘውድ ወደ ንስር፦ ስለ ናይጄሪያ እግረኛ ጦር መለያ ምልክቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ናይጄሪያ ነጻ የወጣችው በ1960 ነው። ጦሯ ግን ከዚያ በፊት ነበረ። ያቋቋመው እንግሊዝ ነው፤ ያሠለጠነውም፣ ያለበሰውም፣ አርማውን የሰጠውም እንግሊዝ ነው። ስለዚህ ባንዲራ ሲቀየር አንድ ከባድ ጥያቄ መጣ፦ ወታደሩ ደረት፣ ትከሻና ቆብ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ምን ይሁን? ይነቀል? ይቀየር? ወይስ ባለበት ይቆይ? መልሱ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ነው። ለእኔ ከተቀየረው ይልቅ ሳይነካ የቀረው ይገርመኛል፤ ከታች ደጋግሜ የምመለስበትም ለዚህ ነው።

ዓመቶቹም፣ ወሮቹና ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ ጽፌያለሁ።

ነጻነት ሲታወጅ የነበረው ጦር የትኛው ነው?

«የንግሥቲቱ የናይጄሪያ ሬጅመንት» ይባል ነበር። የእግረኛ ጦር ነው። አወቃቀሩ በሻለቃ በሻለቃ ነው፤ በነጻነት ጊዜ አምስት ሻለቆች ነበሩት።

ሥሩ ሩቅ ነው። የናይጄሪያ ጦር ራሱ ታሪኩን የሚቆጥረው ከ1863 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት ሌተናንት ጆን ግሎቨር የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ሃውሳ ተወላጆችን ሰብስቦ አንድ ትንሽ ጦር አቋቋመ። «የግሎቨር ሃውሳዎች» ተባሉ። ከዚያ ፈረንሳይና እንግሊዝ በኒጀር ወንዝ አካባቢ ሲፎካከሩ ሎንዶን አንድ ትልቅ ጦር አስፈለጋት። ፍሬድሪክ ሉጋርድ በ1897 እንዲያደራጀው ታዘዘ። ይህ ጦር የምዕራብ አፍሪካ ድንበር ጦር ተባለ። የናይጄሪያ፣ የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና)፣ የሴራሊዮንና የጋምቢያ ወታደሮች ሁሉ በዚህ አንድ ስም ሥር ገቡ። በ1928 ስሙ ላይ «ንጉሣዊ» የሚል ተጨመረበት።

«የንግሥቲቱ» የሚለው ደግሞ የመጣው በ1956 ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በዚያ ዓመት ናይጄሪያን ጎበኘች፤ ሬጅመንቱም ማዕረጉን አገኘ። ነጻነት ከመምጣቱ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ምን ያህል ሊያገለግል ታስቦ እንደተሰጠ እንጃ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ግን ንግሥቲቱም ንጉሣዊውም ከስሙ ወጥተዋል።

አሮጌ አርማዎች ላይ ያለው ዛፍ ምንድን ነው?

ዘንባባ ነው፤ ዘይት የሚጨመቅበት ዓይነት። የምዕራብ አፍሪካ ድንበር ጦር የጋራ አርማ ነበር። አራቱም አገሮች ይህ ዛፍ አላቸው። አራቱም የእንግሊዝ ነጋዴዎችን የሳቡት በከፊል በዚሁ ዘይት ነው። ሳሙናና ሻማ ይሠራበት ነበር፤ ማሽንም ይለሰልስበት ነበር።

እኔን የሚገርመኝ የመልእክቱ ድፍረት ነው። ወታደሩ ቆቡ ላይ የሚሰካው የአንበሳ ወይም የጦር ምስል አይደለም፤ ወደ ሊቨርፑል በመርከብ የሚጫን ምርት የሚሰጥ ዛፍ ነው። በእርግጥ አርማውን የመረጡት ሰዎች እንዲህ አላሰቡት ይሆናል። ዘንባባ ለእንግሊዝ ዓይን የሐሩር አገር ምልክት ነበር፤ በሌሎች ቅኝ ግዛቶች ማኅተም ላይም በብዛት ይገኛል።

ጋና በ1957 ነጻ ወጣች፤ በ1959 ከጋራው ጦር ለቀቀች። በ1960 ጦሩ ፈረሰ። የጋራው ዘንባባም የጋራ ባለቤት አጣ።

ነጻነት በታወጀበት ዕለት ዘውዱ ወዲያው ወረደ?

አልወረደም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥቅምት 1 ቀን 1960 ባንዲራው ተቀየረ፤ አገሪቱ ግን ሪፐብሊክ አልሆነችም። ንግሥት ኤልሳቤጥ የናይጄሪያ ንግሥት ሆና ቀጠለች። ጦሩም «ንጉሣዊ የናይጄሪያ ጦር» ተባለ። የነጻ አገር ጦር ነው፤ ስሙ ግን ንጉሣዊ ነው። የበላይ አዛዡም እንግሊዛዊ ነበር።

ሪፐብሊክ የታወጀው ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1963 ነው። ያኔ «ንጉሣዊ» የሚለው ቃል ቀረ። «የናይጄሪያ ጦር» ብቻ ሆነ። ለዘውዱ በአርማ ላይ መቀመጫ ምክንያት የሆነው ነገር ያበቃው በዚህ ዕለት ነው። የመጀመሪያው ናይጄሪያዊ የበላይ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ጆንሰን አጉዪ-አይረንሲ ደግሞ ቦታውን የያዙት በ1965 ነው። ባንዲራ፣ አርማ፣ አዛዥ፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

ለእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ደርግ ንጉሡን ካወረደ በኋላ ባንዲራው ላይ የነበረው የይሁዳ አንበሳ ዘውዱ ተነሣለት፤ የያዘው በትር ጫፍ ላይ የነበረው መስቀልም በጦር ተተካ። አንበሳው ግን ለጊዜው ቀረ። ሥርዓት ሲቀየር ሠዓሊው መጀመሪያ የሚፍቀው ዘውድን ነው።

የትከሻ ማዕረጋቸውን እንዴት አነባለሁ?

የእንግሊዝን ሥርዓት የምታውቅ ከሆነ ግማሹን ጨርሰሃል። በእንግሊዝ ጦር የመኮንኖች ማዕረግ በሁለት ነገር ይጻፋል፦ በኮከብና በዘውድ። ናይጄሪያ ኮከቡን እንዳለ ወሰደች። ዘውዱን በንስር ተካች። ሌላው ሒሳብ አልተነካም።

ስለዚህ ምክትል የመቶ አለቃ አንድ ኮከብ፣ የመቶ አለቃ ሁለት፣ ሻምበል ሦስት ኮከብ አለው። ሻለቃ ሲሆን ኮከቦቹ ይወርዱና አንድ ንስር ይመጣል። ሌተናል ኮሎኔል ንስርና አንድ ኮከብ፣ ኮሎኔል ንስርና ሁለት ኮከብ፣ ብርጋዴር ጄኔራል ንስርና ሦስት ኮከብ ይሆናል። ከዚያ በላይ ያሉት ጄኔራሎች የተጠላለፈ ጎራዴና የአዛዥ በትር ይጨምራሉ፤ ይህም ከእንግሊዝ የመጣ ነው።

በፎቶ ላይ የናይጄሪያ ሻለቃንና ሻምበልን የሚያደናግሩ ሰዎች አሉ። ሦስት ከአንድ ይበልጣል ብለው ነው። በቁጥር አትሂዱ፤ ትከሻው ላይ ንስር ካለ ከሻለቃ አይወርድም።

ከመኮንን በታች ያሉት ክንዳቸው ላይ የ«ቪ» ቅርጽ ያለው ጥብጣብ ይሰፉበታል። ሁለት ከሆነ አሥር አለቃ፣ ሦስት ከሆነ ሃምሳ አለቃ ነው። ከሦስቱ በላይ ንስር ከተቀመጠ ደግሞ ከሃምሳ አለቃ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነው። እዚህም ንስሩ የተቀመጠው የእንግሊዙ ዘውድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ብልህ አሠራር ነው ብዬ አስባለሁ። ወታደሩ ማንን ሰላም ማለት እንዳለበት እንደገና መማር አላስፈለገውም። አንድ ምስል ብቻ ነው የተለወጠው።

ለምን ንስር? ቀይ የሆነውስ ለምንድን ነው?

ከአገሪቱ አርማ የተወሰደ ነው። የናይጄሪያ ብሔራዊ አርማ ላይ ጥቁር ጋሻ አለ። ጋሻው ላይ ነጭ የ«ዋይ» ቅርጽ ይታያል፤ የኒጀርና የቤኑዌ ወንዞች ናቸው፤ የሚገናኙት ሎኮጃ ላይ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ነጭ ፈረሶች ጋሻውን ይዘዋል። ከላይ ቀይ ንስር ቆሟል። ጥቁሩ ለም አፈር፣ ፈረሶቹ ክብር፣ ንስሩ ብርታት ነው ይባላል።

ሎኮጃ ደግሞ ለዚህ ጦር ተራ ቦታ አይደለም። ሉጋርድ ጦሩን ያደራጀው እዚያው ነው። ወንዞቹ ጋሻው ላይ የተሣሉት ለጦሩ ተብሎ ባይሆንም፣ የአገሪቱ አርማ መሃልና የጦሩ የትውልድ ቦታ አንድ ሆነዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ንስር ከሌላ ቦታ ነው የምናውቀው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ከብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ያስቀረን እሱ ነው። «ሱፐር ኢግልስ»። ይቅር አልተባለም።

ባለ ስድስት ጫፉ ኮከብ የሰሎሞን ኮከብ ነው? ከእኛ የተወሰደ ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አዎ፣ የሁለተኛው አይደለም ነው።

የዛሬው የናይጄሪያ ጦር አርማ ንስር አለው፤ ከሥሩ በሁለት የተጠላለፉ ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ኮከብ ይገኛል። ኮከቡ አዲስ አይደለም። የሰሜንና የደቡብ ናይጄሪያ ቅኝ ግዛቶች በ1914 ሲዋሃዱ ለአዲሱ ግዛት የተሰጠው ምልክት ይኸው ነበር፦ ቀይ ክብ፣ በውስጡ አረንጓዴ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ በመሃሉ የእንግሊዝ ዘውድ፣ ከዘውዱ ሥር «ናይጄሪያ» የሚል ጽሑፍ። እስከ 1960 ድረስ በቅኝ ግዛቱ ባንዲራ ላይ ነበር። እንግሊዞቹም «የሰሎሞን ማኅተም» ነበር የሚሉት።

ታዲያ የሰሎሞን ማኅተም ምዕራብ አፍሪካ ምን ያደርጋል? ብዙ የእኛ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ዓይኑን ያሻሻል። ይህ ኮከብ በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያንም ቤተ መንግሥትም ያለ ነው፤ በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የተጀመረው የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንም የተሠራው በእሱ ነው። ግን የሰሎሞን ታሪክ የእኛ ብቻ አይደለም። በእስልምናም ንጉሥና ነቢይ ነው፤ ሱለይማን። ጂኒዎችን ያዘዘበት ማኅተም ይነገርለታል። ስለዚህ ኮከቡ ከሞሮኮ እስከ ህንድ በሙስሊም የእጅ ሥራ ላይ ይገኛል፦ በመዳብ ዕቃ፣ በቆዳ፣ በክታብ፣ በቤት ግድግዳ። የሰሜን ናይጄሪያ ሃውሳና ፉላኒ ከተሞችም በዚህ የዕደ ጥበብ ዓለም ውስጥ ናቸው።

እንግሊዞቹ የአካባቢውን ጌጥ አንሥተው ዘውዳቸውን መሃሉ ላይ ተከሉበት። ናይጄሪያውያን ደግሞ ዘውዱን ነቅለው ኮከቡን አስቀሩት። ከእስራኤል ባንዲራም፣ ከኢትዮጵያ ነገሥታትም ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም። በየማኅበራዊ ሚዲያው «ናይጄሪያውያን የእኛን ኮከብ ለብሰዋል» የሚለውን የምትለጥፉ ሰዎች፣ እባካችሁ።

በአርማው ላይ ያለው ዓረብኛ ምን ይላል? እንግሊዞች የፈጠሩት ጦር ላይ እንዴት ዓረብኛ ተጻፈ?

በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ይኼ ነው። አብዛኛውን ጊዜም በቁጣ ነው የሚመጣው።

ጽሑፉ «ናስሩን ሚነላሂ ወፈትሑን ቀሪብ» ይላል። ከቁርኣን 61ኛው ምዕራፍ፣ ቁጥር 13 የተወሰደ ነው። ትርጉሙ «ከአላህ የሆነ እርዳታ፣ ቅርብም የሆነ ድል» እንደማለት ነው። ጦሩ መፈክሩን በእንግሊዝኛ ሲያስቀምጠው «ድል ከእግዚአብሔር ብቻ ነው» ወደሚል አምጥቶታል።

እንዴት ገባ? የጦሩን ሰዎች ማየት ነው። ግሎቨርም ሉጋርድም ወታደር የመለመሉት በዋነኛነት ከሃውሳ ተናጋሪዎች ነው፤ ብዙዎቹም ሙስሊም ነበሩ። የጦሩ መግባቢያ ቋንቋም ለረጅም ጊዜ ሃውሳ ነበር፤ እንግሊዛዊ መኮንን ሃውሳ መማር ይጠበቅበት ነበር። ሃውሳ ራሱ በዓረብ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ አጀሚ ይባላል። ለወታደሩ የሚነበበው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው፤ የላቲን ፊደል አይደለም።

ከዚህ ጋር አንድ ምጸት አለ። ይኸው ሙስሊም የበዛበት ጦር በ1903 ካኖንና ሶኮቶን ለእንግሊዝ የያዘው ነው። ሶኮቶ የታላቁ የሙስሊም ኸሊፋ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። የድል ጥቅስ የሚያነቡ ወታደሮች የሙስሊም መንግሥትን ለክርስቲያን ንጉሥ ጣሉ። ቅኝ ግዛት እንዲህ ነው፤ ሁሉንም ከሁሉም ጋር ያቦካዋል።

በዛሬዋ ናይጄሪያ ነገሩ ትኩስ ነው። ሕዝቡ በሙስሊምና በክርስቲያን ለሁለት የሚጠጋ ክፍፍል አለው። በ2007 ከዝቅተኛ የናይራ ኖቶች ላይ የአጀሚ ጽሑፍ ሲነሳ አንዱ ወገን ደስ አለው፣ ሌላው ከፋው። የጦሩ አርማም ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ከሳሹ ወገን፣ አገሪቱ የመንግሥት ሃይማኖት የላትምና ዓረብኛው ይውጣ አለ። ጦሩ ደግሞ ይህ ከቅኝ ግዛት ዘመን የወረስነው ቅርስ እንጂ አገሪቱን ለማስለም የተጻፈ አይደለም ብሎ ተከራከረ።

የእኔ አስተያየት? ሁለቱም ወገን የሚያጣው ነገር አለ። ዓረብኛውን ነቅለህ እንግሊዝኛውን ብትተው ከሁለት የውጭ ቋንቋ አንዱን መረጥክ እንጂ ገለልተኛ አልሆንክም። ብትተወው ደግሞ አንድ የደቡብ ክርስቲያን ወታደር ሊያነበው የማይችለውን የሃይማኖት ጥቅስ ደረቱ ላይ ይዞ ይሞታል። እዚህ ላይ ቀላል መልስ የሚሰጥህን ሰው ተጠራጠር።

እነዚህ ወታደሮች ኢትዮጵያ መጥተው ነበር?

አዎ። በአርማ ጉዳይ የእኛ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ክፍል ይህ ይመስለኛል።

በ1941 ጄኔራል አላን ከኒንግሃም ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሲዘምት አብሮት 23ኛው የናይጄሪያ ብርጌድ ነበር። የካቲት 25 ቀን ሞቃዲሾ ገቡ። ከዚያ ሽቅብ ወደ ኦጋዴን። መጋቢት 17 ጅጅጋ ደረሱ። መጋቢት 21 ጣሊያን የመሸገበትን የማርዳ በር ሰበሩ። ከዚያ ባቢሌ። መጋቢት 26 ሐረር ገቡ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ደግሞ የከኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ ደረሰ፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በኋላም ናይጄሪያውያኑ ኦሞን ተሻግረው ወደ ምዕራብ ተዋግተዋል። ወታደሮቹ ከኒጀር ወንዝ ዳር የመጡ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ናቸው፤ የሐረርን ብርድ እንዴት እንደተቀበሉት ለማሰብ አያስቸግርም።

ይህ ከአርማ ጋር ምን ያገናኘዋል? በእንግሊዝ ሥርዓት አንድ ሬጅመንት በታላላቅ ውጊያዎቹ ስም ይከበራል። ስሞቹ የሬጅመንቱ ሰንደቅ ላይ ይጠለፋሉ። ለናይጄሪያ ሬጅመንት ከተሰጡት ስሞች መካከል ማርዳ በር፣ ባቢሌ፣ ኦሞ እና «አቢሲኒያ 1940–41» አሉ። ለጎልድ ኮስት ሬጅመንት ደግሞ ዋደራ ተሰጥቶታል፤ ከነገሌ በስተሰሜን ያለችው ዋደራ። ማለት የእኛ ኮረብቶችና ወንዞች ስም በምዕራብ አፍሪካ ጦር ሰንደቅ ላይ በክር ተጽፏል።

ከምሥራቁ ወገን ደግሞ ሌላ አለ። የንጉሡ የአፍሪካ ጠመንጃኞች የሚባለው የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንጋኒካና የኒያሳላንድ (የዛሬዎቹ ታንዛኒያና ማላዊ) ጦር በግንቦት 1941 ቁሊቶ ላይ ተዋግቷል፤ ዛሬ ሐላባ ቁሊቶ የምንላት ከተማ። ሳጅን ናይጄል ሊኪ ሽጉጥ ብቻ ይዞ የጣሊያን ታንክ ላይ ወጥቶ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ፣ የቪክቶሪያ መስቀልን፣ ያገኘው እዚያ ነው፤ ሽልማቱ የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው። እንግሊዞች ዳሬሰላም ያለውን ትልቅ የጦር ሠፈር «ኮሊቶ» ብለው ሰየሙት። ታንጋኒካ ነጻ ወጥታ፣ የታንጋኒካ ጠመንጃኞች ከዚሁ ሠፈር ተነሥተው በጥር 1964 ካመጹ በኋላ ጦሩ ፈረሰ፤ ሠፈሩም ሉጋሎ ተባለ። ሉጋሎ የሄሄ ሕዝብ በ1891 የጀርመንን ጦር ያሸነፈበት ቦታ ነው። አዲስ ነጻ አገር ስም ሲመርጥ እንዲህ ነው፤ ለሌላ ሰው የተዋጋበትን ትቶ ለራሱ የተዋጋበትን ይይዛል።

ሌላም መገናኛ አለ፤ ኮንጎ። ናይጄሪያ ነጻ በወጣች በሳምንታት ውስጥ ሻለቆቿን ለተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ላከች። የእኛም ጦር እዚያ ነበር። ሌተናል ጄኔራል ከበደ ገብሬ ከ1962 እስከ 1963 የመላው ተልዕኮ ጦር አዛዥ ነበሩ። በ1964 ደግሞ ያንኑ ወንበር አይረንሲ ያዙት። ሰማያዊው የተባበሩት መንግሥታት ቆብ ላይ ግን ዘንባባም ንስርም አንበሳም አይታይም።

ቀይ ፌዝ ቆቡና አጭሩ ጃኬትስ?

የቅኝ ግዛቱ ዘመን ወታደር ለሰልፍ የሚለብሰው ነበር፦ ቀይ ፌዝ (ክፈፍ የሌለው ቆብ)፣ ወገብ ላይ የምታልቅ ቀይ ጃኬት፣ የወገብ መቀነት፣ ካኪ ቁምጣ። ጃኬቷ የተቀዳችው ፈረንሳይ አልጄሪያ ውስጥ ካሰለፈቻቸው የዙዋቭ ወታደሮች ነው። የሰሜን አፍሪካ ልብስ፣ በፈረንሳይ በኩል፣ በእንግሊዝ ተቀድቶ፣ ምዕራብ አፍሪካዊ ላይ። ለፎቶ ያምራል። ለሙቀቱ ግን ማን እንዳሰበለት አይታወቅም። ከነጻነት በኋላ በአረንጓዴ ካኪ ተተካ።

ሸረሪት ያለበት አርማ አይቻለሁ። የናይጄሪያ ነው?

በከፊል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የ81ኛው የምዕራብ አፍሪካ ክፍለ ጦር መለያ ነው፤ ቢጫ ክብ ላይ ጥቁር ሸረሪት። በርማ ላይ ጃፓንን የተዋጋ ጦር ነው። ናይጄሪያውያንም፣ ጎልድ ኮስቶችም፣ ሴራሊዮኖችም፣ ጋምቢያውያንም ነበሩበት። ሸረሪቱ የአሻንቲ ተረት ጀግና አናንሲ ነው፤ በጉልበት ሳይሆን በብልጠት የሚያሸንፍ። የእኛ ተረት ውስጥ ጦጣ የምትሠራውን ሥራ የሚሠራ ማለት ነው። ለጫካ ውጊያ ከዚህ የተሻለ አርማ አላውቅም። የ82ኛው ክፍለ ጦር ደግሞ የተጠላለፉ ጦሮችና የተሸካሚ የራስ ጥምጥም ነበር፤ መንገድ በሌለበት ስንቁ ሁሉ በሰው ጭንቅላት ይጓዝ ስለነበር ነው። ሁለቱም ከጦርነቱ ጋር አብቅተዋል።

ቢያፍራ የራሷ ምልክት ነበራት?

ነበራት። ከ1967 እስከ 1970 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከናይጄሪያ የተገነጠለችው የቢያፍራ ወታደሮች ክንዳቸው ላይ ግማሽ ቢጫ ፀሐይ ሰፍተው ነበር፤ ከባንዲራቸው የተወሰደ፣ እየወጣች ያለች ፀሐይ። ብዙዎቹ መኮንኖች ትናንት ንስር ለብሰው በአንድ ሜዳ የሠለጠኑ ናቸው። ስለዚህ ጦርነቱ ላይ ትእዛዙ፣ ሰላምታው፣ የኮከቡ ቁጥር አንድ ሆኖ፣ ወንድምን ከጠላት የሚለየው አንድ የጨርቅ ቁራጭ ነበር።

አይረንሲ በእጃቸው የሚይዙት አዞ ማዕረግ ነው?

አይደለም። በገለባ የተሞላ የአዞ ግልገል ነበር፤ የግል በትራቸው አድርገውት ነበር። ማዕረጋቸው ትከሻቸው ላይ ነው። በወታደሩ ዘንድ ግን ከጥይት ያስመልጣቸዋል ይባል ነበር። በሐምሌ 1966 አላስመለጣቸውም።

አሮጌ የቆብ አርማ ገዛሁ። ዘመኑን እንዴት ልወቅ?

መጀመሪያ ፊደሉን ተመልከት። የምዕራብ አፍሪካ ድንበር ጦር በላቲን ምሕጻር ሲጻፍ አራት ፊደል ነው። ከፊቱ «ንጉሣዊ» የሚለው ፊደል ተጨምሮ አምስት ከሆነ ከ1928 በኋላ የተሠራ ነው። ስሙ ላይ «የንግሥቲቱ» ካለበት ከ1956 አይቀድምም።

ቀጥሎ፣ ዘውድ ካለበት የዘውዱን ቅርጽ እይ። የነገሥታቱ ዘመን ዘውድ ቅስቶቹ ሽቅብ ጎበጥ ብለው ድቡልቡል ይሆናሉ። የኤልሳቤጥ ዘመኑ መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ይህ አንዱ እይታ ብቻ ከ1952 በፊትና በኋላ ያለውን ይለይልሃል።

ከዚያ ክብደቱ። ነሐስ ከሆነ ይከብዳል፤ ሲያረጅም ይጠቁራል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም መሥራት ጀመሩ፤ ቀላል ነው፤ መወልወልም አይፈልግም። «የመጀመሪያው ዓለም ጦርነት ነው» ተብሎ የተሸጠልህ አርማ እንደ ቆርቆሮ ከቀለለህ ሻጩን መልሰህ ጠይቅ። ጀርባው ላይ «ጋውንት» የሚል የአምራች ስም ካገኘህ የታወቀ የእንግሊዝ አርማ ሠሪ ነው፤ ግን የአምራች ስም ብቻውን ዕድሜን አያረጋግጥም፤ አስመሳዮችም እሱን ይቀርጻሉ።

ንስር ያለበት ከሆነ የሪፐብሊኩ ነው። በዋጋ ደረጃ ሰብሳቢዎች ለዘንባባው የበለጠ ይከፍላሉ። ለእኔ ግን ከ1960 እስከ 1963 ባለው ጊዜ የተሠራ፣ ነጻ አገር ሆኖ ዘውድ የለበሰ ነገር ከተገኘ እሱ ይበልጥብኛል። ያ ዘመን አጭር ነበር።

ናይጄሪያ ስሄድ የጦሩ ምልክት ያለበት ቲሸርት ወይም ጃኬት ብለብስ ችግር አለው?

አለው። ያልተፈቀደለት ሰው የወታደር ልብስ መልበሱ በናይጄሪያ ሕግ ወንጀል ነው፤ የጦሩን መልክ የያዘ ጨርቅም ኬላ ላይ ጣጣ ያመጣል። የገዛኸውን አርማ ሻንጣህ ውስጥ ጠቅልለህ ያዝ፤ ደረትህ ላይ አትሰካው። የሱፐር ኢግልስ ማሊያ ግን እንደ ልብህ፤ ሆድህ ከቻለ።